አርባ አንድ ጣሳ

ዝግታ የሚሏት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቤት ስትገባ ታናሽ እህቷ እታበባ ትላታለች፣ የእህቷ ባል ደግሞ እትዬ። ዝግታ የተባለችው ሥራ ላይ ስለምትንቀረፈፍ አይደለም። ሥራዋማ ፈጣን ነው። የምትዘገየው ሰው ሲያናግራት ነው። አንድ ነገር ሲጠይቋት መጀመሪያ እጇን ታያለች፣ ከዚያ ጫማዋን፣ ከዚያ ነው መልሱ የሚመጣው። እስከዚያ ጠያቂው መልሱን ለራሱ ሰጥቶ ሄዷል።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ የተበላሹ የስፌት ማሽኖችን ታበጃለች። የመርፌው ሳጥን ቁልፍም አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። እዚያ ፋብሪካ መርፌ ዝም ብሎ አይሰጥም። ሰፊዋ መርፌ ሲሰበርባት ስባሪዎቹን አንድ ሳይቀር ለቅማ ታመጣለች። ዝግታ ጫፉን ከወገቡ፣ ወገቡን ከቂጡ ጋር ታገጣጥምና ሙሉ መርፌ መሆኑን ስታይ ብቻ አዲሱን ትሰጣለች። አንድ ስባሪ ከጎደለ ማሽኑ ይቆማል፣ ልብሱ ይራገፋል፣ ወለሉ ላይ ማግኔት ይጎተታል። የሰው ሸሚዝ ውስጥ የመርፌ ጫፍ እንዳይሄድ ነው። አለቃ ቢጮህ፣ ሰፊ ብታለቅስ፣ ዝግታ እጇን እያየች ትቆማለች እንጂ ሳጥኑን አትከፍትም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖራለች።

ይህች ጥላዋን የምትፈራ ሴት ግቢዋ ውስጥ ያቆመችው መኪና ታዲያ ሌላ ነገር ነው። ጥቁር አረንጓዴ ናት፣ አራት በር፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያለፋት። ከውጭ ሲያዩዋት ጡረታ የወጣ የባንክ ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድባት ትመስላለች። ኮፈኗን ከፍ ሲያደርጉት ግን ስድስት ሲሊንደር ተሰልፎ ይጠብቃል። ማርሿ በእጅ ነው። ሦስተኛ ላይ አድርገው ሲረግጧት ወንበሩ ጀርባን ይዞ ይገፋል። ሰፈር ውስጥ ዝግታ ቀስ ብላ ነው የምትነዳት። ከከተማ የሚያወጣው መንገድ ላይ አንዴ አብራት የሄደች የሥራ ባልደረባዋ ግን ወርዳ ለአምስት ደቂቃ ያህል በሩን እንደያዘች ቆማ፣ "አንቺን ነው እንዴ ዝግታ የምንለው?" ብላለች።

የገዛቻት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በኢንተርኔት ጨረታ ነው። አሮጌና ፈጣን መኪናዎች ብቻ የሚሸጡበት ጨረታ አለ። ሻጩ ፎቶ ይልካል፣ የጨረታው አዘጋጅ ስለ መኪናዋ ይጽፋል፣ ሰባት ቀን ሙሉ ያየ ሁሉ ከሥሩ አስተያየቱን ያሰፍራል፣ በሰባተኛው ቀን ከፍ ያለ ዋጋ የጠራ ይወስዳል። ያኔ ይህችን መኪና የፈለጋት አልነበረም። ዘይት ታንጠባጥብ ነበር፣ የኋላ እግሯ ይጮህ ነበር፣ መቶ አርባ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ዝግታ በፎቶው ላይ የሞተሩን ቡሎኖች አጉልታ አየች። ጭንቅላታቸው አልተበላም። ነካክቶ ያበላሻት ሰው የለም ማለት ነው። ማንንም ሳታማክር ዋጋ ጠራች፣ አሸነፈች።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ አልገባችም። ሁሉንም ራሷ ነው የሠራችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ግቢ ውስጥ፣ ጀርባዋን ካርቶን ላይ ዘርግታ። የፍሬን ሸራ ስትቀይር፣ ካንዴላ ስትቀይር፣ ኩሽኔታ ስታወጣ፣ የወጣውን ዕቃ አትጥልም። የፋብሪካው ልማድ ነው፤ አሮጌው ሳይገኝ አዲሱ አይገባም። የወጣውን ጠርጋ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ጣሳው ላይ በእህቷ ቀይ የጥፍር ቀለም ኪሎ ሜትሩን ትጽፋለች። ጣሳ የማይችለውን፣ እንደ ሾክና እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያለውን፣ በሽቦ አስራ ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች፣ ቁጥሩንም እዚያው ላይ። እሱንም ጣሳ ነው የምትለው። ሌላ ነገር ጽፋ አታውቅም። መጻፍ አትወድም። ጽሑፏ እንደ ልጅ ጽሑፍ ነው፣ ታፍርበታለች።

ዘንድሮ የግራ ጉልበቷ እምቢ አለ። ሐኪሙ በራጅ አየውና ፍሪሲዮን መርገጥ ይቅርብሽ አላት። እሷ ሌላ ሌላውን ሁሉ ሰምታ እንዳልሰማች ብትሆንም ጉልበቷ ራሱ ነገራት፤ አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ላይ እግሯ ከፔዳሉ ተንሸራቶ መኪናዋ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። እንግዲህ ትሸጥና ማርሿን ራሷ የምትቀይር፣ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ግን ያው ስድስት ሲሊንደር ያላት ትገዛለች። መንዳቱን እንድትተው የነገራት ሰው አልነበረም ለማለት አይቻልም። ብዙ ሰው ነግሯታል። ጫማዋን እያየች ሰምታቸዋለች።

የመኪናዋን ፎቶ ያነሳችው እህቷ ናት። ለጨረታው አዘጋጅ የጻፈው ደግሞ የእህቷ ባል። እሱን ሰፈሩ በሙሉ ፎቶ ኮፒ ነው የሚለው፤ ፍርድ ቤት አጠገብ ጽሑፍ የሚያትም፣ ማኅተም የሚያስቀርጽ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀት ግን ከሰው ይበልጥበታል።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ጨረታ ላይ ወጣች። እህቷ ስልኩን ይዛ ጮክ ብላ አነበበች። አዘጋጁ ቀለሟን አሳምሮ ጽፏል፣ ሞተሯን አድንቋል፣ ወንበሯ አልተቀደደም ብሏል። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፤ የጥገና ታሪኩ አይታወቅም።

ዝግታ ስልኩን ተቀበለችና ያችን መስመር ራሷ በጣቷ እየተከተለች አነበበቻት። ከዚያ አይታወቅም የምትለው ቃል ላይ ጣቷን እንዳደረገች ቆየች። እህቷ ምን ሆንሽ አለቻት። እሷም የማን ነው የማይታወቀው አለች። አሥራ አንድ ዓመት በዝናብም በፀሐይም ካርቶን ላይ የተኛችበት ጀርባዋ ነው የማይታወቀው? እህቷ እንደዚያ ሲሉ ወረቀት የላትም ማለታቸው ነው ብላ አስረዳቻት። ጨረታው ላይ ሰው መኪናውን አያይም፣ አይነካም፤ የሚያምነው የጋራዥ ማኅተም ያለበትን ደብተር ነው።

ማክሰኞ ንጉሥ ፒስተን መጣ። ይህ ጨረታው ላይ በየመኪናው ሥር የሚጽፍ፣ ፊቱን ማንም ያላየው ሰው የሚጠራበት ስም ነው። ሰው ይፈራዋል፤ እሱ የነቀፈውን መኪና የሚጫረት ይቀንሳል። እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ "ደብተር የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ማኅተም የለም። ይህች መኪና ዘይት አይታ ታውቃለች? ኪሎ ሜትሩንስ ማን ነው ያልነካካው? ባለቤቷ ጥያቄ አትመልስም። ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።" ከሥሩ ሃያ ሰው ገመተ። ዋጋው እዚያው ተገትሮ ቀረ።

ረቡዕ ፎቶ ኮፒ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ነገሩ ቀላል ነው አለ። ጋራዥ ያለው ጓደኛ አለው፣ የጋራዡ ማኅተምም የተቀረጸው በራሱ በፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው።

"እትዬ፣ ሁለት ሰዓት ስጪኝ" አላት። "የአሥራ አንድ ዓመት ደብተር አወጣልሻለሁ። በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ። እንዲያውም አንዱ ገጽ ላይ ሻይ አፈስበታለሁ።"

"ሻዩን ጠጣው" አለችው።

እህቷ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ክፉ እንዳላሰበ፣ ሥራውን እሷው ስለሠራችው ያልሠራችውን እንደማይጨምር፣ በእርግጥ የሆነውን ነገር ብቻ ወረቀት ላይ እንደሚያኖረው አስረዳ። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ዝግታም እጇን አየች፣ ጫማዋን አየች። ከዚያ ሄዳ የጓዳውን በር ከፈተችና ጣሳዎቹን አሳየችው። ስምንት ዓመት እዚያ ቤት ሲገባ ሲወጣ የወተት ዱቄት የምታጠራቅም መስሎት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ላይ ከፋብሪካ የመጣ የሸራ ቁራጭ አነጠፉ። ጣሳዎቹን በኪሎ ሜትራቸው ተራ ከመቶ አርባ ሁለት ሺህ እስከ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ደረደሯቸው። ከየጣሳው ፊት የወጣው ዕቃ ተቀመጠ። የተበላ የፍሬን ሸራ፣ ያረጀ ቺንጊያ፣ በስድስት በስድስት የታሰሩ ካንዴላዎች፣ የተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ፣ ያለቀ ኩሽኔታ። አርባ አንድ ነበሩ። መኪናዋ ከኋላቸው ቆማለች። እህቷ ስልኩን ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደች ልትቀርጽ ስትል ፎቶ ኮፒ ቆይ አለ።

ሃያ ሦስተኛው ጣሳ ጋ ቁጢጥ ብሎ ነበር። እዚያ ውስጥ ያለው ውሃውን የሚገፋ ምላሱ የተሰበረ የውሃ ፓምፕና አንድ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት ከሞተሩ ክዳን ሥር የሚገባው ማሸጊያ፣ ነው። መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ይላል። ይህ የመኪናዋ ጥፋት አልነበረም፣ የዝግታ ጥፋት ነበር። ያኔ መለዋወጫ ሱቅ ሄዳ ምላሱ የብረት የሆነ ፓምፕ ስጡኝ ብላ ነበር። ሻጩ የፕላስቲኩን አወጣና ያው ነው አላት። ያው እንዳልሆነ ታውቃለች። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር፣ ሰው ቆሞ ያያታል፣ አፏ ተሳሰረ፣ ይዛ ወጣች። በአራተኛው ወር ምላሱ ተሰብሮ ውሃው መዞር አቆመ፣ ሞተሩ ፈላ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ሲል እንዳየች ወዲያው አጠፋችው፣ ጎታች መኪና እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቴስታውን አውርዳ ቶርኖ ቤት ወስዳ አስለካች፤ አልተጣመመም። በአዲስ ጓርኒሲዮን፣ በአዲስ ቡሎን መልሳ አሰረችው። ፓምፑን ግን ያን ጊዜ ሱቁ ድረስ ሄዳ የብረቱን ሳትይዝ አልወጣችም። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ይጠብቅ።

"ይቺን አንዷን እናንሳት" አለ ፎቶ ኮፒ። "አርባም ቢሆን ብዙ ነው። ሞተሩ ፈልቷል ካልሽ ማን ይነካታል?"

እህቷም በዚህ ከእሱ ጋር ቆመች። አልዋሸንም፣ ዝም ነው ያልነው አለች።

"መርፌው ሲሰበር አንዱን ስባሪ ደብቄ አዲስ አልሰጥም" አለች ዝግታ። "ቅረጺው።"

ተቀረጸ። ፊልሙ በወጣ በሰዓቱ አስተያየቱ ጎረፈ። ግማሹ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለ። ግማሹ ከቆሻሻ መጣያ የተለቀመ ብረት ነው አለ። ንጉሥ ፒስተን ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እንዳየ ያስታውቃል፤ "ሃያ ሦስተኛውን ተመልከቱ። ሞተሩ ፈልቶ ያውቃል። ራሷ አመነች" ብሎ ጻፈ። ሲጫረቱ ከነበሩት ሁለቱ ወጡ። ፎቶ ኮፒ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። አልነገርኩሽም አላለም፤ ፊቱ ግን እንደ ትልቅ ማስታወቂያ ይነበብ ነበር።

እሁድ ከሰዓት አዘጋጁ ደወለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝግታ ስልኩን እንደ ጋለ ድስት ወደ እህቷ ነበር የምትወረውረው። ዛሬ ራሷ ያዘችው። ሰውዬው ትሑት ነው፣ እመቤት ይላታል። ፊልሙን እንዳየው፣ እንደገረመው ነገራት። ያችን መስመር ማንሳት ይችላል። በቦታዋ እንዲህ ሊጽፍ ነው፤ ባለቤቷ በራሷ እጅ እንደጠገነቻት ትናገራለች። ከዚያ በላይ ግን ወረቀት ከሌለ ደንቡ አይፈቅድለትም።

ፎቶ ኮፒ በአውራ ጣቱ እሺ በይ፣ እሺ በይ ይላታል። ዝግታ እጇን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን። ሰውዬው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሃሎ፣ ሃሎ ማለት ጀመረ።

"አለሁ" አለች። "ወንድሜ፣ እኔ መናገር አልችልም። ስለማልችል ነው ዕቃውን ያስቀመጥኩት። ትናገራለች ብለህ አትጻፍብኝ። አንተ ኪሎ ሜትር ጥራ፣ እኔ ላምጣ። ከዚያ ያየኸውን ጻፍ። ያላየኸውን አትጻፍ።"

አዘጋጁ ትንሽ አሰበና ወደ ቪዲዮ ቀየረው። እህቷ ስልኩን ያዘች። ሰውዬው ዝም ብሎ አንድ ቁጥር ጠራ፤ መቶ ስድሳ ስምንት ሺህ አለ። ዝግታ ወደ ጣሳዎቹ እንኳ አልዞረችም።

"እሱ የለም። መቶ ስድሳ ሰባት ከስምንት መቶ ነው ያለው። የኋላ ፍሬን ሸራ።"

ጣሳውን አመጣች፣ አሮጌውን ሸራ አሳየች፣ ጉልበቷን እየደገፈች ጎማው ሥር ወርዳ አሁን ያለውን በባትሪ አበራችለት። ሌላ ጠራ፣ አመጣች። ሌላ ጠራ፣ አመጣች። እንዲህ እየተባለ ሰባት ጊዜ ሆነ። ስምንተኛ ላይ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገና መቶ ሰማንያ ሰባት አለ። ፎቶ ኮፒ ወደ ሰማይ አየ። ዝግታ የተሰበረውን ምላስ በመዳፏ ላይ አድርጋ ስልኩ ፊት ያዘችው። ፓምፑን ሻጩ ያው ነው ሲላት ዝም ብላ እንደተቀበለች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ከዚያ ምን እንዳደረገች ነገረችው። ስትናገር አልተቻኮለችም፣ እጇንም አላየችም። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ አዲሶቹን የቴስታ ቡሎኖች አሳየችው። ከአሮጌዎቹ የተለየ ቀለም አላቸው፣ ለማየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ማታውን መስመሯ ተቀየረች። አሁን እንዲህ ትላለች፤ ከመኪናዋ የወጡ አርባ አንድ ዕቃዎች በኪሎ ሜትራቸው ተቀምጠዋል፣ አዘጋጁ ስምንቱን በዘፈቀደ አስወጥቶ አይቷል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ፈልቷል። ባለቤቷ አውርዳ ጠግናዋለች።

ፎቶ ኮፒ የመሐሏን ዓረፍተ ነገር እንዲያወጣት ለምኚው አለ። እህቷም ተወው፣ እታበባ ዘንድሮ የገባት ነገር አለ መሰለኝ አለችው።

ሰኞ ጨረታው ተዘጋ። ባለፈው ወር አንዲት ያችኑ የምትመስል ባለ ደብተር መኪና ከተሸጠችበት ዋጋ በታች ነው የተሸጠችው። ፎቶ ኮፒ ያ ልዩነት የዚያች የአንዷ ጣሳ ዋጋ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ነገራት። አዎ፣ ጥሩ ፓምፕ አልነበረም አለችው። የገዛት ሰው የአምቡላንስ ሹፌር ነው። መጥቶ አንድ ጊዜ ሰፈሩን ዞረባት፣ ወረደ፣ ለረጅም ጊዜ ሃያ ሦስተኛውን ጣሳ አገላብጦ አየ። ከዚያ ሌላ ነገር ስላልጠየቀ ዝግታ ወደደችው። መኪናዋ ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ሸኘቻት። አላለቀሰችም። የኋላ መብራቱ ሲሠራ አየችና ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጨረታው ላይ ማርሿን ራሷ የምትቀይር፣ ግራጫ፣ ስድስት ሲሊንደር መኪና ወጣች። አዘጋጁ ሌላ ሰው ነው። የደብተሩን ፎቶ በዘጠኝ ገጽ አሳይቷል፤ ማኅተሙ ሁሉ ክብ፣ ሁሉ ሰማያዊ። ንጉሥ ፒስተን ከሥር ቀድሞ ተገኝቷል፤ "መኪና ማለት እንዲህ ነው። ታሪኩ የተሟላ" ብሏል።

ዝግታ ይህን ያየችው በምሳ ሰዓት፣ ከመርፌው ሳጥን አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ሆና ነው። ወደ እህቷ አልደወለችም፣ ወደ ፎቶ ኮፒም። በአንድ ጣቷ ፊደሉን እየፈለገች ራሷ ጻፈች። ምሳዋ ቀዘቀዘ። ሰፊዎቹ አይተው ለማን ነው የፍቅር ደብዳቤው እያሉ ሲቀልዱባት ቀና አላለችም። በአስተያየት መስጫው ላይ፣ ስሟ በሚወጣበት፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ላከችው፤ "የወጡት ዕቃዎች የት አሉ?"

ንጉሥ ፒስተን ለመመለስ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከመሳቂያ ምልክት ጋር፣ "ማነው ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚያስቀምጥ?" ብሎ ጻፈ።

ለዚህኛው መልስ ፊደል መፈለግ ብዙ አላስቸገራትም።

"እኔ።"